ቂምን ያለ ጩኸት መቅረጽ፦ የሻከረ የቤተሰብ ግንኙነት በካሜራና በኤዲቲንግ

የተኳረፈ ቤተሰብ ሁልጊዜ አይጮህም። አብሮ ይበላል፣ ቡና ይጠጣል፣ «ደህና አደራችሁ» ይባባላል፤ የልቡን ግን አያወጣም። በብዙ ፊልሞቻችን የቤተሰብ ጠብ ሲመጣ ግን ጩኸት ይነሳል፣ ለቅሶ ይከተላል፣ ከሥር የኪቦርድ ሙዚቃ ይለቀቃል። ተመልካቹ «እዘን» ይባላል፤ የሚያሳዝነውን ነገር ራሱ ፈልጎ እንዲያገኘው ዕድል አይሰጠውም። እኔን የሚያስቆጨኝ ኩርፊያን በዝምታ ለዓመታት ተሸክመን መኖር የምናውቅ ሰዎች ሆነን ይህን በስክሪን ላይ አለማየታችን ነው።

ሰው ከቤተሰቡ መራቁ የሚያስታውቀው በተቀመጠበት ቦታ፣ በሚያየው ሰው እና ሲጠየቅ መልስ እስኪሰጥ በሚወስድበት ጊዜ ነው። ቦታውና እይታው የካሜራ ሥራ ናቸው፤ ጊዜው የኤዲተሩ ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ አንዲት የአራት ደቂቃ ትዕይንት ከወረቀት እስከ መጨረሻው ካት (ቁርጥ) ድረስ ይዞ ይሄዳል። አንድ ሳሎን፣ አራት ተዋናዮች፣ አንድ ካሜራ ወይም ደህና ስልክ፣ ትራይፖድ እና የለመዳችሁት የኤዲቲንግ ፕሮግራም ይበቃችኋል።

1. ማንም የማይናገረውን ዓረፍተ ነገር ጻፉ

መለማመጃችን ይህ ነው። ልጅቷ ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ተመልሳለች። «ቤት ሥሩበት» ብላ ስትልከው የቆየችውን ገንዘብ አባቷ ለወንድሟ የኮሌጅ ክፍያ አውሎታል። እናት ታውቃለች፣ ወንድምም ያውቃል። ልጅቷ ገብታ ስታየው ግቢው ያው የድሮው ግቢ ነው። በመጣች በማግስቱ ቡና ተፈልቶ አራቱም ሳሎን ተቀምጠዋል።

በስክሪፕቱ ራስጌ ላይ «የላብሽን ሳንጠይቅሽ በላነው» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ይህ ሐሳብ ከማንም ተዋናይ አፍ እንዳይወጣ ከልክሉ። ንግግሩ ስለ አውሮፕላኑ ጉዞ፣ ስለ ጎረቤት ጤና፣ ስለ ሰፈሩ አዲስ መንገድ ይሁን። አንድ ተዋናይ እንኳ ምስጢሩን ካወጣው ካሜራው ሥራ አጣ ማለት ነው፤ የቀረው ሁሉ የተነገረውን መድገም ይሆናል።

2. ካሜራ ከማንሳታችሁ በፊት ሰዎቹን አስቀምጡ

የሳሎኑን ንድፍ በወረቀት ሳሉ። እናት ረከቦቱ ጋ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ናት። አባት ትልቁ ሶፋ ላይ፣ ወንድም ከጎኑ። ልጅቷ በሩ አጠገብ ያለው ነጠላ ሶፋ ላይ፤ ሻንጣዋ ገና ወደ ክፍል አልገባም፣ እግሯ ሥር ነው። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ የወንድሟ የምርቃት ፎቶ በጋውንና በቆብ በትልቁ ተሰቅሏል።

ለዚህ ፎቶ ትንሽ ጊዜ ስጡት። በእሷ ክሎዝ አፕ (ፊቷ ከቅርብ በሚያዝበት ሾት) ሁሉ ከጭንቅላቷ በላይ ይገባል። ማንም ቀና ብሎ አያየውም፣ ማንም አያነሳውም። ፎከሱ እሷ ላይ ሆኖ ፎቶው ፈዘዝ ይበል፤ ግን የተመረቀ ወጣት መሆኑ እስኪጠፋ ድረስ አይፍዘዝ። የሌንሱን ክፍተት ከ4 እስከ 5.6 ብታደርጉት ብዙውን ጊዜ ይሆናል፤ ቀርጻችሁ በስክሪን ላይ አረጋግጡ። ተመልካቹ በሦስተኛው ክሎዝ አፕ ላይ ገንዘቡ የት እንደገባ ራሱ ይደርስበታል።

ቀጥሎ ሲኒው አለ። በቤታችን የቤት ልጅ ሲኒ ታዞራለች፤ እንግዳ ተቀምጦ ይቀበላል። ልጅቷ እንደ ድሮዋ ሲኒውን ለማዞር ብድግ ትበል። እናት በፍቅር፣ ፈገግ ብላ፣ «ተቀመጪ እናቴ፤ አንቺ እንግዳ ነሽ» ትበላት። ሲኒውን ወንድሟ ያዙር፤ የመጀመሪያው ሲኒም ለእሷ ይድረሳት። ከዚህ የበለጠ የሚያም ንግግር መጻፍ አያስፈልግም፤ በራሷ ቤት እንግዳ ሆናለች፣ ያውም በደግነት።

ቡናው ሌላም ጥቅም አለው፤ ትዕይንቱን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ይከፍልላችኋል። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ነገር ይለወጥ። በአቦል ሁሉም አለ። በቶና ወንድም «ስልክ ልመልስ» ብሎ ይውጣ። በበረካ አባትና ልጅ ብቻቸውን ይቅሩ፤ እናት ጀበናውን ይዛ ጓዳ ትግባ። በቡና ፋንታ ገበታ ከመረጣችሁ ደግሞ እጆችን ቅረጹ። ከአንድ ትሪ የሚበሉ ሰዎች እጃቸው የግድ ይገናኛል፤ ሌላው እጁን እስኪመልስ ጠብቆ የሚቆርስ ሰው ስለ ግንኙነቱ ብዙ ይናገራል።

3. ማን ከማን ጋር በአንድ ፍሬም ይገባል?

ከሁሉ በላይ የሚያደክመውና የሚክሰው ይህ ደረጃ ነው።

የኢራናዊውን ዳይሬክተር የአስጋር ፋርሃዲን ፊልም «ኤ ሴፓሬሽን» (2011 እ.ኤ.አ.) መክፈቻ ደጋግማችሁ እዩት። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ዳኛ ፊት ተቀምጠዋል። ሚስት ልጃቸውን ይዛ ከአገር መውጣት ትፈልጋለች፤ ባል የመርሳት በሽታ የያዘውን አባቱን ጥሎ አይሄድም። ዳኛው በድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ካሜራው በእሱ ቦታ ተተክሏል። ስለዚህ ሁለቱም የሚከራከሩት ወደ እኛ እያዩ ነው። ለደቂቃዎች ካት የለም። ሲኒማቶግራፈሩ ማህሙድ ካላሪ ሁለቱን በአንድ ፍሬም ትከሻ ለትከሻ አስቀምጧቸዋል፤ መለያየታቸው ግን ፍጥጥ ብሎ ይታያል። በመጨረሻው ትዕይንት ሁለቱም ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ የልጃቸውን ውሳኔ ይጠብቃሉ፤ በመካከላቸው መስታወት ያለበት በር አለ፣ እሷ በአንዱ ወገን እሱ በሌላው። ያን በር ዲዛይነር የሠራው ጌጥ አድርጋችሁ አትዩት፤ በየቤታችን የበር መቃን፣ የመስኮት ብረት፣ መጋረጃ አለ። ሁለት ሰዎችን በአንድ ፍሬም ይዛችሁ መካከላቸው ቀጥ ያለ መስመር ማስገባት ገንዘብ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ሳሎናችን እንመለስ። አንድን ሰው ብቻውን የምትይዙበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው የአድማጩ ትከሻ ወይም የጭንቅላቱ ጠርዝ ፍሬሙ ውስጥ የሚገባበት ነው፤ ሁለቱ ሰዎች አሁንም በአንድ ቦታ እንዳሉ ይሰማናል። ሁለተኛው ፍሬሙ ውስጥ ከእሱ በቀር ማንም የማይገባበት ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የምታልፉባት ቅጽበት ግንኙነቱ የተቀደደባት ቅጽበት ናት፤ ስለዚህ በዘፈቀደ አትለፉ። እኔ «እንግዳ ነሽ» ከተባለች በኋላ አደርገዋለሁ፤ እስከዚያ የእናቷ ትከሻ ፍሬሟ ውስጥ ነበር፣ ከዚያ በኋላ የለም።

ለአባትና ልጅ ደግሞ ጥብቅ ሕግ አውጡ። ትዕይንቱ ሲከፈት አራቱም በዋይድ ሾት (ሳሎኑን ሁሉ በሚይዝ ሰፊ ፍሬም) ይታዩ። ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ በአንድ ፍሬም አይገናኙ። አባትና ወንድም ግን ወንድም እስኪወጣ ድረስ በአብዛኛው አብረው ይያዙ። በበረካው መጨረሻ አባት ብቻውን ክሎዝ አፕ ላይ ሆኖ ባዶ ሲኒ ይዟል፤ ከፍሬሙ ጠርዝ የልጅቷ እጅ ገብቶ ሲኒውን ይቀበለው። ፊቷ አይታይ። ሕጉን ለአራት ደቂቃ ካከበራችሁት ይህች እጅ ትልቅ ክስተት ትሆናለች። ካላከበራችሁት ሲኒ ማንሳት ብቻ ናት።

ስለ 180 ዲግሪው መስመር ብዙ አልልም፤ በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለውን መስመር ይዛችሁ ካሜራውን በአንድ ወገን ብቻ አቁሙ። ማለፍ ከፈለጋችሁ አንዴ፣ ዙሩ ሲቀየር ይሁን።

4. ርቀት፣ ሌንስ፣ የዓይን መስመር

24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዛችሁ ልጅቷ አጠገብ ተጠግታችሁ አባቷን ከኋላ ብታስገቡት የሦስት ሜትሩ ሳሎን አዳራሽ ያህል ይሰፋል። 85 ሚሊ ሜትር ይዛችሁ በሩ ውጭ ቆማችሁ ያንኑ ብትቀርጹ ሁለቱ የተጣበቁ ይመስላሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው ካሜራው የቆመበት ርቀት ነው፤ ሌንሱ የሚወስነው ምን ያህሉ ፍሬም ውስጥ እንደሚገባ ነው። በስልክ የምትሠሩ ከሆነ ዋናው ሌንስ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 24 እና 26 ይጠጋል፤ ለሁለተኛው ዓይነት ስልኩ ራሱን የቻለ የማቅረቢያ ሌንስ ካለው እሱን ተጠቀሙ፣ በጣት ዙም አታድርጉ።

የትኛው ይሻላል? የተራራቁ ሰዎችን ለማሳየት ሁሉም ወደ ሰፊው ሌንስ ይሮጣል። እኔ ግን ለዚህ ቤተሰብ አባትና ወንድምን ከሩቅ በረጅም ሌንስ፣ ልጅቷን ከቅርብ በ35 እመርጣለሁ። አባትና ወንድም ተጣብቀው አንድ ወገን ይሆናሉ፤ እሷ ዙሪያዋ ባዶ ቦታና ፎቶው የተሰቀለበት ግድግዳ ይቀርላታል።

የዓይን መስመር ደግሞ ሰው ሳያውቀው የሚሠራ ኃይል አለው። ተዋናዩ የሚያነጋግረው ሰው ከሌንሱ ጎን በእጅ ርዝመት ውስጥ ከተቀመጠ ሁለቱንም ዓይኖቹን እናያለን፤ ቅርበት ይሰማናል። ሰውየውን ወደ ጎን እያራቃችሁ ስትሄዱ ፊቱ ወደ ጎን ይዞራል፣ እኛም እንገፋለን። እናትን ለሌንሱ በጣም ቅርብ፣ አባትን ሙሉ በሙሉ በጎን ቅረጹት። በበረካ ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ብቻ አባት ወደ ሌንሱ ይጠጋ።

የካሜራ ከፍታን በተዋናዩ ዓይን ልክ አድርጉ፤ ለእናት ማለት በበርጩማው ልክ መውረድ ማለት ነው። ጃፓናዊው ያሱጂሮ ኦዙ «ቶኪዮ ስቶሪ»ን (1953 እ.ኤ.አ.) የቀረጸው ካሜራውን ወለል ላይ ለተቀመጠ ሰው ከፍታ አውርዶ ነው። ከክፍለ ሀገር ለመጡ ሽማግሌ ወላጆቻቸው ቶኪዮ ያሉት ልጆች ጊዜ የላቸውም፤ አንዷ ልጅ ለደንበኛዋ «ከአገር ቤት የመጡ ወዳጆች ናቸው» ትላለች። ካሜራው በዚህ ሁሉ ጊዜ ማለት ይቻላል አይነቃነቅም፤ ማንንም አይከስም። ትራይፖዱን ለምን እንደምመክር ከዚህ ይገባችኋል። ካሜራን በእጅ ይዞ ማንቀጥቀጥ ለተነሳ ጠብ ይሆናል፤ ለተዳፈነ ቂም ግን ዝም ያለ ካሜራ ይበልጣል።

የኤሌክትሪካችን ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሹተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ ሙሉ፤ የሳሎኑ አምፖል እንዳይንቀጠቀጥባችሁ። የብርሃን መጠንና የቀለም ሚዛንንም ከአውቶማቲክ አውጡና ቆልፉ፤ ደመና ሲያልፍ የሰው ፊት እየጠቆረና እየነጣ ከመጣ ዝምታን በኤዲቲንግ መሥራት አትችሉም።

5. የቀረጻው ቅደም ተከተል

መጀመሪያ ሙሉውን ትዕይንት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳትቆርጡ በዋይድ ቅረጹ፤ ቢያንስ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ወደ አድማጮቹ ሂዱ። የብዙዎች ልማድ የሚናገረውን ሰው ክሎዝ አፕ መያዝ ነው፤ ለዚህ ዓይነት ትዕይንት ግን ወርቁ የሚሰማው ሰው ጋ ነው። ስለዚህ ወንድም ሦስት ቃል ብቻ ቢኖረውም ሙሉ ትዕይንቱን በእሱ ፊት ላይ ቅረጹ። እናትንም እንዲሁ።

«አክሽን» ከማለታችሁ በፊት ለአሥር ሰከንድ ያህል ካሜራው እየቀረጸ ተዋናዩ ዝም ብሎ ይቀመጥ፤ «ካት»ም ለማለት አትቸኩሉ። ያልተዘጋጀ፣ ያልተጠበቀ ፊት የምታገኙት እዚያ ነው፤ በኋላ ኤዲት ስታደርጉ የምትፈልጉት ዝምታ ብዙ ጊዜ ከነዚህ ሰከንዶች ይወጣል።

ዕጣንን ተጠንቀቁ። በአንዱ ሾት ጭሱ ጎርፎ በሌላው ከሌለ ካቱ ይሰበራል። ማጨሻውን ከፍሬም ውጭ አድርጉት፤ ወይም ጭሱን ለዋይዱ ብቻ ተጠቀሙበት። የሲኒው የቡና መጠንም በየሾቱ ይመዝገብ። በመጨረሻ ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉን ባዶ ድምፅ 30 ሰከንድ ቅዱ።

6. ኤዲቲንግ፦ ዝምታው የማን ነው?

በመጀመሪያው ዙር ትዕይንቱን በተለመደው መንገድ ቁረጡ፤ ተናጋሪው ይታይ፣ መልስ ሰጪው ይታይ። መጥፎ እንደሚሆን አውቃችሁ ሥሩት፤ ንግግሩ ቅደም ተከተሉን መጠበቁን ለማየት ነው።

በሁለተኛው ዙር አንዲት ጥያቄና መልስ ይዛችሁ ቁሙ። አባት፦ «ቤይሩት ብርድ አለ አይደል?» ልጅ፦ «በክረምት አለ፣ አባዬ።»

በመጀመሪያው ቁርጥ በጥያቄውና በመልሱ መካከል ምናልባት 8 ፍሬም አለ። ጨዋታ ይመስላል። አሁን ክፍተቱን ወደ 50 ፍሬም፣ ማለትም ሁለት ሰከንድ ዘርጉት፤ በእሷ ፊት ላይ። መልሷ ከበደ፤ የተናደደች መሰለች። ይህንን ሁለት ሰከንድ ከእሷ አንሱና ለወንድሟ ስጡት። አባት ጠየቀ፤ ካት፤ ወንድም ሲኒውን አቀርቅሮ ያያል፤ የእህቱ ድምፅ «በክረምት አለ» ሲል እኛ አሁንም ያለነው ወንድም ላይ ነው፤ «አባዬ» ስትል ብቻ ወደ እሷ እንሄዳለን። አንድም ቃል አልተጨመረም። ተመልካቹ ግን ወንድሙ የሆነ ነገር እንደሚያውቅና እንደሚያፍር አየ። ዝምታውን በማን ፊት ላይ እንደምታሳርፉት ከወሰናችሁ በኋላ የሰከንዱ ቁጥር ሁለተኛ ጉዳይ ነው።

ድምፅን ከምስል ቀድሞ ወይም ከምስል አልፎ ማስገባት ለዚህ ነው የሚያገለግለው። አባት ሲናገር ድምፁ ልጅቷ ላይ ይቀጥል። እናት ጓዳ ከገባች በኋላ የጀበና ማጠቢያ ውኃው ድምፅ ሳሎን ድረስ ይሰማ፤ እየሰማች መሆኗንም ይነግረናል።

የሰውን ምላሽ አለማሳየትም መሣሪያ ነው። «እንግዳ ነሽ» ስትባል የሁሉም ሰው ስሜት የልጅቷን ፊት ማየት ይፈልጋል። አትስጡት። እናት ላይ ቆዩ፣ ፈገግታዋ ቀስ ብሎ እስኪጠፋ፤ ከዚያ በቀጥታ ሲኒ የሚያዞረው ወንድም ላይ ቁረጡ። የልጅቷን ፊት ሌላ ወሬ በተነሳበት ጊዜ፣ ከሃያ ሰከንድ በኋላ አሳዩት። ተመልካቹ እስከዚያ በልቡ የሣለው ፊት ከማንኛውም ትወና የከበደ ነው።

ቂሙ ዓመታት የፈጀበትን መንገድ ማሳየት ከፈለጋችሁ ደግሞ የኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» (1941 እ.ኤ.አ.) የቁርስ ገበታ ትዕይንት አለ። አንድ ትዳር በየጊዜው ቁርስ ላይ ይታያል፤ ካሜራው በፍጥነት ወደ ጎን እየዞረ ከአንዱ ቁርስ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል። መጀመሪያ ይሽኮረመማሉ፤ መጨረሻ ላይ በረጅም ጠረጴዛ ሁለት ጫፍ ተቀምጠዋል፣ ሚስትየዋም የባሏን ተቀናቃኝ ጋዜጣ ታነባለች። ኤዲተሩ ሮበርት ዋይዝ ነበር። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው፤ ሥራውን የሠራው ቦታውና ድርጊቱ አንድ ሆኖ ርቀቱ ብቻ መለወጡ ነው።

ለእኛ ታሪክ የቁርሱን ቦታ የስልክ ጥሪ ይተካዋል። አንድ ሶፋ፣ አንድ የካሜራ ቦታ፣ የኢሞ ጥሪ። በመጀመሪያው ጥሪ አራት አምስት ፊት ስልኩ ላይ ይረባረባል፣ ጎረቤት ጭምር። በሁለተኛው እናትና አባት። በሦስተኛው አባት ከኋላ ያልፋል፣ «ሰላም በያት» ይላል። በአራተኛው እናት ብቻ። በአምስተኛው ስልኩ ሶፋው ላይ ይጠራል፣ ከጓዳ ድምፅ ይሰማል፣ ማንም አይመጣም። ካሜራውን በምንም ምክንያት አታንቀሳቅሱት፤ ሶፋውን ሳይሆን ልብሱንና መጋረጃውን ቀይሩ። ሁሉም ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይብለጥ።

ሙዚቃን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ብትተዉትም ደስ ይለኛል። የሲኒ መጋጨት፣ የጀበና መንተክተክ፣ የሻንጣ ጎማ በሊሾ ላይ ሲሄድ፣ እነዚህን በጥንቃቄ ቅዱና ከዝምታው ጎን አስቀምጧቸው። የግድ ሙዚቃ ካስፈለገ ልጅቷ ወደ ክፍል ገብታ በሩ ከተዘጋ በኋላ ይጀምር።

7. ፍተሻ

ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ማን ማንን እንደሸሸ ካልገባችሁ ችግሩ አቀማመጡና ፍሬሙ ላይ ነው፤ ኤዲቲንግ አያድነውም። ቀጥሎ ምስሉን ዘግታችሁ ስሙት፤ ንግግሩ ብቻውን እንደ ማንኛውም የቡና ጨዋታ መሰማት አለበት።

ከዚያ ታሪኩን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው አሳዩትና «ምን ሆነው ነው?» ብላችሁ ብቻ ጠይቁ። «ገንዘቧን በልተውባት» ካለ ተሳክቷል። «አባትየው ክፉ ነው» ካለ ግን አባትን በድላችሁታል ማለት ነው፤ ምናልባት በጎን ብቻ አሳይታችሁት ይሆናል፣ ምናልባት ዝምታውን ሁሉ ለልጅቷ ሰጥታችኋል። አባትና ወንድም አብረው ወደተያዙበት ሾት ተመለሱና ወንድም ስልክ ሊመልስ ሲወጣ አባት በዓይኑ የሚከተልባቸውን ሰከንዶች ፈልጉ፤ አንድ ሰከንድ ተኩል በቶና መካከል አስገቡለት። ከዚያ ለሌላ ሰው አሳዩ፤ ያየውን ሰው ደግማችሁ አትጠይቁ።